ከአልጋ ጎን የሚያያዝ የሕፃን አልጋ፦ ከውበቱ በፊት ክፍተቱን እዪ

እህቴ እንኳን ለዚህ አበቃሽ፣ ማርያም በሰላም ትገላግልሽ። «ልወልድ አንድ ወር ቀረኝ፣ ጅማ ቆጪ ሰፈር ነው ምኖረው፣ ከአልጋችን ጎን የሚያያዝ የሕፃን አልጋ ልግዛ ወይስ አናጺ ላሠራ? እናቴ ደግሞ ምን አልጋ ያስፈልገዋል ጉያሽ አስተኚው እያለች ነው» ብለሽ ነው የጠየቅሽው አይደል። እኔ ሁለት ወልጃለሁ፣ ለመጀመሪያዋ የተገዛ ነበር፣ ለሁለተኛው እዚሁ ጅማ አናጺ ጋ አሠራሁ፣ ስለዚህ ሁለቱንም ቀምሼዋለሁ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ የእናትሽን ነገር። እናትሽ ክፉ አስባ አይደለም፣ እኛንም ሁላችንን ጉያዋ አስተኝታ ነው ያሳደገችን የኔም እናት። ግማሹ ልክ ናት ደሞ፣ ሕፃኑ ከአጠገብሽ መራቅ የለበትም። ሌላ ክፍል ብቻውን ይተኛ የሚል ሐኪም የለም፣ ቢያንስ እስከ ስድስት ወሩ እናቱ ያለችበት ክፍል ይተኛ ነው የሚባለው። ልዩነቱ በአንድ ክፍል መሆንና በአንድ ፍራሽ መሆን ላይ ነው። ያንቺ ፍራሽ ለስላሳ ነው፣ ጋቢ አለ፣ ትራስ አለ፣ ባል አለ (የኔ ባል ሲተኛ ቤት ቢፈርስ አይሰማም)፣ አንቺም ከምጥ በኋላ ድካሙ ሌላ ነው፣ ሳታውቂው ነው እንቅልፍ ሚጥልሽ። ከጎን ሚያያዘው አልጋ የመጣው ለዚህ ነው፣ ሕፃኑ በእጅሽ ርቀት ሆኖ ግን የራሱ ጠንካራ ፍራሽ ላይ። እኔ የመጀመሪያዋን በኦፕራሲዮን ስለወለድኩ ከአልጋ ወርዶ ማንሳት አልችልም ነበር፣ እጄን ዘርግቼ ስቤ አጥብቼ መልሳለሁ፣ በዛ በኩል እግዜር ይስጠው።

አሁን ወደ ጉዴ ልግባ። ያቺ የመጀመሪያዋ አልጋ ዘመድ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ጭኖ ያመጣልን ያገለገለች አልጋ ነበረች። ነጭ፣ ዙሪያዋ በስፖንጅ የተለበጠ ሪባን ያለው ጨርቅ፣ አንዱ ጎኗ ወደታች ሚወርድ፣ እግሯ ላይ ጎማ። አራስ ጠያቂ ገንፎውን ትቶ እሷን ነበር ሚያየው። ጎኗን አውርደን ካልጋችን ጋር አስጠጋናትና በቃ ጨረስን አልን። አላሰርናትም፣ ማሰሪያም አልነበራት። መሃል ላይ ሁለት ጣት ምታስገባ ክፍተት ነበረች፣ እኔ ብልጧ ፎጣ ጠቅልዬ ወተፍኩባት።

ልጄ ሁለት ወሯ ገደማ ነው፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ መብራት የለም። ተኝቼ አጥብቼ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆኜ ገፋ አርጌ ወደ አልጋዋ መልሻት ነበር ለካ እዛው መጋጠሚያው ላይ ነው ያስቀመጥኳት። ቆይቼ እንደልማዴ በጨለማ ደረቷን ልዳብስ እጄን ስሰድ ፍራሽ የለም። ባዶ። ለካ በተነሳሁ ቁጥር የአልጋዋን ጠርዝ እየተደገፍኩ ነበር ምነሳው፣ ጎማዋ ሲሚንቶው ላይ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሸሸ አንድ ስንዝር ሆኗል፣ ፎጣውም ወርዷል። ልጅቷ ከወገቧ በታች ክፍተቱ ውስጥ ገብታለች፣ የያዛት ሸሚዟ ነው፣ አንገቷ የኔ ፍራሽ ጫፍ ላይ ታጥፏል። አታለቅስም። እሱ ነው እስካሁን ሚያስፈራኝ፣ አለማልቀሷ። ስቤ አወጣኋት፣ ከዛ ነው የጮኸችው፣ እኔም አብሬያት። ምንም አልሆነችም ዛሬ ሰባት ዓመቷ ነው ቤቱን ታተራምሳለች፣ ግን ያን ሌሊት ስለማውቀው ነው ሰው አልጋ ሊገዛ ነው ሲለኝ ቀለሙን ሳይሆን ክፍተቱን ምጠይቀው።

ስለዚህ ገዛሽም አሠራሽም የመጀመሪያው ነገር መታሰሩ ነው። ማሰሪያው ከፍራሽ ጋር ሳይሆን ካልጋሽ ጣውላ ጋር ነው መያያዝ ያለበት። ጥሩ ሆነው ሚሠሩት ሰፊ ቀበቶ አላቸው፣ በፍራሽሽ ሥር አልፎ በዛኛው ወገን ካለው ያልጋ ጣውላ ጋር ይጠብቃል። ካሠርሽ በኋላ በሁለት እጅሽ ይዘሽ ካልጋሽ ወደ ውጭ ጎትቺው፣ ቀዳዳ ከከፈተ አልታሠረም ማለት ነው። ጨርቅ መወተፍ መፍትሔ አይደለም፣ እኔ አይቼዋለሁ። ጎማ ካለው ደግሞ ጎማውን አስወልቂው፣ «ፍሬን አለው» ቢሉሽም።

ሁለተኛው ከፍታ። ይሄን ሁሉም ሰው ይስታል። ሰዉ ባዶ አልጋ ለክቶ ነው ሚያሠራው፣ ግን የኛ ስፖንጅ ፍራሽ ስትተኚበት ይሰምጣል፣ ያውም ጠርዙ ላይ ስትቀመጪ። ስለዚህ አንቺ ጠርዙ ጋ ተኝተሽ ባልሽ ይለካ። ፍራሾቹ እኩል ሆነው በመሃል ከልጁ ፍራሽ ከፍ ያለች ዝቅተኛ ጠርዝ ብትኖር ጥሩ ነው፣ ልጁ ወዳንቺ እንዳይንሸራተት። ያንቺ ፍራሽ ከዛች ጠርዝ በላይ ከሆነ ግን ብርድ ልብሱም ትራሱም አንቺም ወደሱ ትንሸራተቻላችሁ። ሌሎቹ ሦስት ጎኖች ከፍ ያሉ ይሁኑ።

አናጺ ጋ ላሠራ ካልሽ፣ እኔ ብትሰሚኝ አሠሪ። ጅማ ተቀምጦ እንጨት ከአዲስ አበባ ማስጫን እኮ ይገርማል፣ በርጩማችን አገር የሚያውቀው አይደል እንዴ። ለሁለተኛው ሕርማታ በኩል ያለ አናጺ ነው የሠራልኝ፣ በዋንዛ። መጀመሪያ ሳናግረው «እህቴ አልጋ እንጂ ሳጥን አልሠራም» ብሎ ስቆብኛል፣ ቋሚ እንጨቶቹ በጣም ተቀራረቡ ብሎ። እሱ የለመደው መዳፍ ሚያስገባ ነው። በቋሚዎቹ መሃል ያለው ክፍተት ከ6 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፣ ምክንያቱም ሕፃን ሲንፏቀቅ ሰውነቱ ያልፍና ጭንቅላቱ ይቀራል፣ ጭንቅላቱ እኮ ነው ትልቁ። አናጺው ሴንቲ ሜትር ብትዪው እሺ ብሎ በዓይኑ ነው ሚሠራው፣ ስለዚህ እኔ 6 ሴንቲ ሜትር እንጨት አስቆርጬ ሰጠሁት፣ «ይቺ በየትኛውም ቦታ ካለፈች አልረከብም» አልኩት። ቀልድ መስሎት ነበር፣ ልረከብ ስሄድ እንጨቷን ይዤ እያንዳንዱን ስሞክር ልጆቹ ሁሉ ሥራ ትተው ያዩኝ ነበር። ሁለት ቦታ አለፈች። አስተካከለው።

ሚወርድ ጎን እንዳታሠሪ፣ ማለቴ በሐዲድ ላይ ወደላይ ወደታች ሚንቀሳቀሰውን። ማያያዣው ሲላላ ጎኑ በአንድ በኩል ይነቀልና ልጅ ሚሰነቀርበት ክፍተት ይፈጥራል። አሜሪካኖቹ በ2011 እንደዛ ዓይነቱን አልጋ መሸጥ ጭራሽ ከልክለዋል፣ ቢያንስ 32 ሕፃናት ከሞቱ በኋላ። ያቺ የኔዋ ነጭ አልጋ እንደዛ ነበረች፣ ለማንም አልሰጠኋትም፣ ፈታትተን እንጨቷን ለዶሮ ቤት አደረግነው። ካንቺ ወገን ያለው ጎን ከመጀመሪያውም ዝቅ ብሎ ይሠራ፣ አለቀ። ሚስማር ብቻውን አይበቃም በብሎን ይታሠር፣ ማዕዘኖቹ ላይ ወጣ ያለ ጉጥ አይኑር ልብስ ይይዛል፣ በብርጭቆ ወረቀት ደህና አድርጎ ይለስልሰው። ቀለም ባይቀባ ደስ ይለኛል፣ ጥርስ ማውጣት ሲጀምር ጠርዙን ነው ሚግጠው፣ አሮጌ ቀለም ውስጥ ደግሞ ሊድ ሊኖር ይችላል፣ አንጎል ሚጎዳ ነገር ነው። ቫርኒሽ ካስቀባሽ ቢያንስ ከመውለድሽ ሳምንታት በፊት ይድረስልሽ፣ በክረምት እንጨቱም ቫርኒሹም ቶሎ አይደርቅም የጅማን ዝናብ ታውቂው የለ፣ ሽታው እስኪጠፋ በረንዳ ይቀመጥ። ሥሩ ላይ ርብራብ ይሻላል ድፍን ችፑድ ከሚሆን፣ ፍራሹ ካልተነፈሰ በኛ እርጥበት ሻጋታ ያወጣል።

ፍራሹ ጠንካራ ይሁን። እዚህ ላይ ከሰው ጋር ትጣያለሽ፣ «ለሕፃን ይሄን ድንጋይ?» ይሉሻል። በመዳፍሽ ጫኚው፣ ስትለቂው የእጅሽ ቅርጽ ከቀረ አይሆንም። ስፖንጁን አልጋው ካለቀ በኋላ ለክተሽ አስቆርጪ፣ በፍራሹና በጎኑ መሃል ሁለት ጣት ማይገባ። አንሶላው ተወጥሮ ሥሩ ሚታጠፍ አንድ ብቻ። ሌላ ምንም! ትራስ የለም፣ ጋቢ የለም፣ አሻንጉሊት የለም፣ ያ ሪባን ያለው ዙሪያ ስፖንጅም የለም፣ እሱንና ዘንበል ብሎ ሚያስተኛውን አልጋ አሜሪካ በ2022 በሕግ ነው የከለከለችው። ዘንበል ሲል አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቅና ትንፋሹ ያጥረዋል። ሱቅ ስትሄጂ ስብስቡን ከነትራሱ ከነምኑ ሊሸጡልሽ ነው ሚሞክሩት፣ ለእነሱ ሽያጭ ነው አልፈርድባቸውም።

ስለ ትራስ ካነሳን የመቀሱን ነገር ልንገርሽ። አማቴ እግዜር ዕድሜ ይስጣትና አራስ ቤት ብረት ሳይኖር አይሆንም ብላ መቀስ ከትራሱ ሥር አድርጋልኝ ነበር። ትራሱን ሳነሳ ኧረ መቀሱስ አለችኝ። ምን ልበላት፣ ጭቅጭቅ ጀምሬ አልጨርሰውም። «እማ በሩ ላይ ብናደርገውስ ከበሩ ነው ሚገባው» አልኳት፣ አሰበችና «እሱም አለ» አለች። በር ላይ ተሰቀለ፣ ሰላም ሆነ።

ከእሷ ጋር ያልተግባባነው በጀርባው ማስተኛቱ ላይ ነው። ወተት ካስመለሰው ይታነቃል፣ በጎኑ አድርጊው ትላለች፣ ያንቺም እናት ይሄን ማለቷ አይቀርም። እህቴ ነርስ ናት፣ መጥታ በእጇ አሳየቻት፦ ልጅ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ ነው የምግቡ ከታች፣ የተመለሰው ወተት ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ሳንባ አይገባም፣ በደረቱ ሲሆን ነው ሚገለበጠው። በጎኑ የተኛ ደግሞ ትንሽ ሲንቀሳቀስ በደረቱ ይወድቃል። አሜሪካ በ1994 «በጀርባው አስተኙ» ብለው ዘመቻ ከጀመሩ በኋላ በእንቅልፍ ላይ በድንገት ሚሞተው ሕፃን ቁጥር ወደ ግማሽ ገደማ ወርዷል። አማቴን ያሳመናት ግን ቁጥሩ አይደለም የእህቴ እጅ ነው። «ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ ይሆናል» ለሚሉሽ ቀን ነቅቶ እያየሽው በደረቱ አስተኚው፣ ማታ የራሱን አቅጣጫ ቀያይሪለት ይበቃል፣ ክብ ትራስ አያስፈልግም።

አጎበር አትርሺ። ጅማ ወባ አለ፣ ሕፃን ደግሞ አይችላትም። ግን አጎበሩ አልጋው ውስጥ መውደቅ የለበትም። እኔ ትልቁን ያዋቂ አጎበር ከጣሪያው ሰቅዬ የኛንም የሱንም አልጋ አንድ ላይ ነው የሸፈንኩት፣ ጫፉን ከውጭ በኩል በሁለቱም ፍራሽ ሥር አስገብቼ ወጥሬ። በእጁ ደርሶ ሚስበው ገመድ እንዳይኖር፣ ማንጠልጠያውን አሳጥሪው።

ብርዱ ብዙ አያስጨንቅሽ። ጅማ እኮ ነው። አንቺ ከለበስሽው አንድ ልብስ ጨምሪለት፣ ጋቢ ከመደረብ እጅጌ ያለው ወፈር ያለ ልብስ። ኮፍያ ሲተኛ አውልቂ። ሙቀቱን በማጅራቱ ነው ምታውቂው እጁና እግሩ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ነው፣ ማጅራቱ ካላበው በዝቷል። ከሰል ግን ክፍሉ ውስጥ በፍጹም፣ ለቡናም ቢሆን ሳሎን ይፈላ በሩ ይከፈት፣ የከሰል ጭስ ሽታ የለውም ብለሽ እንዳትዘናጊ ሚገድለው ሽታ የሌለው ነው። ዕጣንም ያው ሳሎን።

እና ይሄ አልጋ ለዘላለም አይደለም። ልጁ መገላበጥ ሲጀምር ወይ በእጁ ተደግፎ ብድግ ሲል፣ አንዳንዱ በአራት አንዳንዱ በአምስት ወሩ፣ ያ ዝቅ ያለው ጎን አደጋ ነው ሚሆነው። ብልሃቱ ምን መሰለሽ፣ ስታሠሪ ለአናጺው ተጨማሪ አራተኛ ጎን ሠርተህ ለብቻ አስቀምጥልኝ በዪው፣ ጊዜው ሲደርስ በብሎን ትገጥሚና ፍራሹን ወደ ታች ታወርጂዋለሽ ሌላ አልጋ መግዛት ቀረ። ለዚህ ርብራቡ ሁለት ደረጃ ሚቀመጥበት ቦታ ይኑረው። እኔ እንደዛ ነው ያደረግኩት፣ ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሆነው ተኛበት።

ያገለገለ የሚሰጥሽ ሰው ካለ አትናቂ ግን አንድ እንኳን ብሎን ከጎደለው፣ ቋሚ ከወለቀው፣ ሚወርድ ጎን ካለው አመስግነሽ መልሺ።

ዋጋ አልነግርሽም በየወሩ ነው ሚቀየረው፣ ለሁለት ሦስት አናጺ ጠይቂ። ሐሙስ ገበያ ስለሆነ መንገዱ ይጨናነቃል ሌላ ቀን ሂጂ፣ ያንቺም ሆድ ገፍቷል ባልሽን ላኪው ሜትሩን ግን አንቺ ያዢ። ያልጋሽን ከፍታ ተኝተሽበት ለክታችሁ ጻፊልኝና የኔን ልኬት ሁሉ ከነፎቶው እልክልሻለሁ፣ ያቺ 6 ሴንቲ ሜትሯ እንጨትም ኩሽና መሳቢያ ውስጥ አለች፣ ከፈለግሽ ልጄን እልክልሻለሁ ታምጣልሽ።