የብሪጂድ መስቀል በቄጤማ ይሠራል?

ጥያቄ፦ ልጄ የምትኖረው አየርላንድ ነው። ዘንድሮ ሁለቱን ልጆቿን፣ የ6 ዓመቷን ሴትና የ4 ዓመቱን ወንድ፣ ለሦስት ወር እኔ ጋ ድሬዳዋ፣ ለገሃሬ ትታቸው ሄዳለች። ትልቋ ሰሞኑን «አያቴ፣ የብሪጂድን መስቀል መቼ ነው የምንሠራው?» እያለች ታደርቀኛለች። እዚያ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ይሠሩታል አሉ፤ ረጅም ሣር ነው ብላ በእጇ እየለካች ታሳየኛለች። እናቷን ብጠይቅ ሥራ ላይ ሆና «እንደሚመችሽ አድርጊው እማዬ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ጎረቤቴ ደግሞ «የአየርላንድ በዓል ማለት አረንጓዴ መልበስ ነው፣ በቴሌቪዥን አይቻለሁ» ትለኛለች። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ የማላውቀውን ነገር ቤቴ አስገብቼ እንዳልሳሳት እፈራለሁ። ልጅ ማስከፋትም አልወድም። አንቺ እዚያ አገር ሕፃናት ስትጠብቂ እንደነበር አንብቤያለሁና ምን ትመክሪኛለሽ? የድሬ ሰው ነኝ፣ አንቱታ አያስፈልግም።
አያት፣ ከለገሃሬ

መልስ፦ እሺ አቦ፣ አንቺ ብያለሁ።

መጀመሪያ የጎረቤትሽን ነገር እንጨርስ። አረንጓዴው የቅዱስ ፓትሪክ ነው፤ እሱ መጋቢት 8 ነው፣ ገና ነው። በእኛ አቆጣጠር መቼም ከዐቢይ ጾም አያመልጥም። የልጅ ልጅሽ የምትልሽ የቅድስት ብሪጂድን ቀን ነው። በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 1 ይውላል፤ በእኛ ጥር 24፣ አንዳንድ ዓመት 23። ለእነሱ የጸደይ መግቢያ ነው፤ በጎቹ መውለጃቸው ደርሶ ወተት መገኘት የሚጀምርበት። ብርዱ ግን ገና አልለቀቀም፤ እኔ ኮርክ በምትባል ከተማቸው ያን ቀን ሁለት ካልሲ ደርቤ ነበር የምውለው።

ብሪጂድ ኪልዴር በሚባል ቦታ ገዳም የመሠረተች መነኩሲት ናት፤ በ525 እ.ኤ.አ. ገደማ እንዳረፈች ይነገራል። ካቶሊኮቹ ከፓትሪክ ጋር የአገራቸው ጠባቂ ይሏታል። ከክርስትና በፊት በዚሁ ስም የሚጠሯት ጣዖት እንደነበረቻቸው፣ ቀኑም የጥንት በዓላቸው እንደነበረ አልደብቅሽም። ልብሽ ካልተቀበለው የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ እኔ ቄስ አይደለሁም። ለእኔ ግን የ6 ዓመት ልጅ የጠየቀችሽ ሣር ነው፤ ሣሩም የሚሠራው መስቀል ነው።

የመስቀሉ ታሪክ እንዲህ ይባላል። ያልተጠመቀ አንድ ባላባት ታሞ ሊሞት ሲል ብሪጂድ አጠገቡ ተቀመጠች። ወለሉ ላይ ከተጎዘጎዘው ሣር አንሥታ ዝም ብላ ትጎነጉን ጀመር። «ምንድን ነው የምትሠሪው?» ሲላት መስቀሉን አሳይታ ስለ ክርስቶስ ነገረችው፤ ተጠምቆ ሞተ። ይህን መጀመሪያ ስሰማ «ቄጤማ!» ብዬ ጮህኩ፤ ሕፃናቱ ሁሉ ዞረው አዩኝ።

ስለዚህ ቀፊራ ገበያ ወርደሽ ሁለት እስር ቄጤማ ግዢ፤ ረጅሙንና ለምለሙን ምረጪ። የእነሱ ሣር ውስጡ እንደ ስፖንጅ ስለሆነ ሲያጥፉት እሺ ይላል። ቄጤማ ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የድሬን ፀሐይ ታውቂያታለሽ። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ አሳድሪው፤ ጠዋት እያንዳንዱን ዘንግ በጠርሙስ ዳምጠሽ አለስልሺው።

አሠራሩ ለአንቺ አይከብድም፤ የሆሳዕና ለት የዘንባባ ቀለበት ስታጥፊ የኖርሽ ነሽ። አንዱን ዘንግ ቀጥ አድርገሽ ያዢ። ሁለተኛውን ከመሃሉ እጠፊና የመጀመሪያውን ወገብ አሳቅፊው፤ ጫፎቹ ወደ ቀኝ ይዩ። መጋጠሚያውን በአውራ ጣትሽ ቆንጥጠሽ ሁሉንም ሩብ ዙር ወደ ግራ አዙሪ። ወደ ቀኝ ያዩ የነበሩት ጫፎች አሁን ሽቅብ ያያሉ። ሦስተኛውን አጥፈሽ እነሱን አሳቅፊ፤ ጫፉ እንደገና ወደ ቀኝ። አዙሪ፣ እጠፊ፣ አዙሪ። 16 ያህል ዘንግ ሲገባ መሃሉ ላይ እንደ ስፌት የጠበቀ አራት ማዕዘን ታያለሽ። ከዚያ አራቱን ክንዶች ጫፍ ጫፋቸውን በክር እሰሪና የተረፈውን በመቀስ ከርክሚ። ትልቋ ታጥፍ፤ ትንሹ ደግሞ ሥራው ማዞር ብቻ ይሁን። «አዙር!» ስትይው ካላዞረ ሥራው ቆመ ማለት ነው፤ ይህ ሥልጣን ያኮራዋል።

ቢበላሽ አትናደጂ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ሩብ ዙሩ እያለፈብኝ ሦስት ክንድ ያለው አወጣሁ። አፍሬ ልጥለው ስል አብራኝ የምትሠራ አሮጊት ነጠቀችኝና «ይህ የላም ቤት ነው» አለችኝ። ለካ በአንዳንድ አካባቢ ባለ ሦስቱን ድሮ በረት ላይ ይሰቅሉት ነበር። ባለ አራቱ የሚሰቀለው ከቤቱ በር በላይ ነው፤ ከእሳት አደጋ ይጠብቃል ይላሉ።

ልጆቹን ይበልጥ የሚያስደስታቸው ግን የካባው ጨዋታ ነው። ብሪጂድ ለገዳሟ መሬት ብትለምን የሌንስተር ንጉሥ እምቢ አላት። «ካባዬ የሚሸፍነውን ያህል ብቻ ስጠኝ» ስትለው ስቆ ፈቀደ። አራት ልጃገረዶች አራቱን ጫፍ ይዘው ወደ አራቱም አቅጣጫ ሲሄዱ ካባው እየሰፋ እየሰፋ ሜዳውን ሁሉ ሸፈነው ይባላል። አንቺም አሮጌ ነጠላ አውጪ፣ የግቢውን ልጆች ጥሪ፣ አራቱ ጫፍ ጫፉን ይያዙ። የሶማሌውም፣ የኦሮሞውም፣ የጉራጌውም ልጅ ይግባበት፤ የለገሃሬ ግቢ መቼ ልጅ ጠፍቶበት ያውቃል! ትንሹ ከሥር ንጉሥ ሆኖ ይቀመጥ። ነጠላው ቢቀደድ ግን እኔን እንዳትከሺኝ።

በዋዜማው ማታ ደግሞ ቁራጭ ጨርቅ ውጭ የማሳደር ልማድ አላቸው። ብሪጂድ ስታልፍ ትባርከዋለች ብለው፣ ጠዋት አስገብተው ራስ ምታት ሲይዛቸው ያስሩታል። ይህኛው ካልተዋጠልሽ እለፊው፤ ብዙዎቹ አየርላንዳውያን ራሳቸው ትተውታል።

ለምግቡ አትጨነቂ። ከሐረማያ የሚወርደውን ድንች ቀቅለሽ ፍጪው፣ የተቀቀለ ጎመን ጨምሪበት፣ መሃሉን ጎድጎድ አድርገሽ ለጋ ቅቤ ጣይበት። ልጆቹ ስሙን ይነግሩሻል፤ ኮልካነን ይሉታል። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ በዘይት ይሁን።

እናታቸውን በቪዲዮ ማገናኘት ከፈለግሽ ቀኑን ጠይቂያት። ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ የብሪጂድ በዓል እዚያ ሥራ የሚዘጋበት ቀን ሆኗል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው በፌብሩዋሪ የመጀመሪያው ሰኞ ነው እንጂ ቀኑ ራሱ ላይ አይደለም። ሰኞ ከሆነ ስልኩን አትዘጋብሽም።

ቄጤማውን በዋዜማው በጠዋት ግዢ፤ ከቀትር በኋላ ቀፊራ የምታገኚው ጠውልጓል።