ፍጥነቱ የማይወርድ የፍላይዊል ጄኔሬተር፦ ሶልቨሩን ተወውና ኢነርጂውን ቁጠር

የወንድማችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ለማስተርስ ቲሲሱ ለአጭር ጊዜ ከፍተኛ ፓወር የሚሰጥ የፍላይዊል ጄኔሬተር (ኢነርጂውን በከባድ ተሽከርካሪ ጎማ የሚያጠራቅም) ሞዴል፣ ሲሙሊንክ በሚባለው የሲሙሌሽን ሶፍትዌር እየሠራ ነው። ሎዱ ሲገባ ፍጥነቱ እምብዛም አይወርድም። የከረንቱ ፒክም ከጠበቀው በጣም ያነሰ ነው። ሶልቨሩን (እኩልታዎቹን የሚፈታውን የስሌት ዘዴ) ቢቀያይርም ለውጥ የለም። በዚያው የሲሙሊንክ ጄኔሬተር ብሎክ ኮምፑልሴተር (ከረንቱን በአጭር ፐልስ የሚለቅ ልዩ ጄኔሬተር) መሥራት ይቻል እንደሆነም ጠይቋል።

እኔ እንጀራዬን የምበላው የሰርኪት ብሬከር መፈተሻ ጄኔሬተሮችን ሞዴል በማድረግ ነው። እነሱም ኢነርጂያቸውን ከሚሽከረከር ክብደት አውጥተው ባንዴ የሚለቁ ማሽኖች ናቸው። ስለዚህ ጥያቄህ ቤቴ ድረስ የመጣ ያህል ነው።

ሶልቨሩን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ ፓወርጉይ (የኤሌክትሪክ ሲሙሌሽኑን አሠራር የምትመርጥበት ብሎክ) ፌዘር ሞድ ላይ እንዳይሆን እይ። ፌዘር ሞድ ፍሪኩዌንሲው አይለወጥም ብሎ ነው የሚነሳው፤ ያንተ ማሽን ደግሞ ሥራው ፍጥነት እየጣለ ኢነርጂ መስጠት ነው። ቀጥሎ የሜካኒካል ፓወሩን ግቤት እይ። ገቨርነሩ (የፍጥነት መቆጣጠሪያው) እንደተያያዘ ከሆነ የወጣውን ኢነርጂ ከየትም አምጥቶ ይሞላልሃል። ፍጥነት የማይወርድበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ሞዴልህን የምትፈትሽበት አንድ ማሽን ልስጥህ። እንግሊዝ አገር ኩልሃም የነበረው ጄት የተባለ ቶካማክ (የኑክሌር ፊውዥን መሞከሪያ ማሽን) ሁለት የፍላይዊል ጄኔሬተሮች ነበሩት። የእያንዳንዱ ሮተር ዲያሜትር 9 ሜትር፣ ክብደቱ 775 ቶን ነው። 8.8 ሜጋ ዋት ሞተር ቀስ እያለ በደቂቃ 225 ዙር ያደርሰዋል። ከዚያ እስከ 400 ሜጋ ዋት ይሰጣል፤ የሕዳሴ ግድብ አንድ ትልቁ ዩኒት የሚያመነጨውን ያህል ማለት ነው። ግን የሚሰጠው ኢነርጂ 2.6 ጊጋ ጁል ስለሆነ በሙሉ ፓወር ቢሄድ በ6.5 ሰከንድ ያልቃል። ሞተሩ ያንን መልሶ ለመሙላት ምንም ሎስ ባይኖር እንኳ 5 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል።

በዚህ መሃል ፍጥነቱ ግማሽ ይደርሳል። ኢነርጂ ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚሄድ ያኔ የተጠራቀመው ሦስት አራተኛው ወጥቷል። ያንተም ሞዴል ይህን ፈተና ማለፍ አለበት። ከሮተሩ የቀነሰው ኢነርጂ፣ ወደ ሎዱ ከሄደው ከነሎሱ ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ ሌላውን ውጤት አትመን። ግራፉ ምንም ያህል ቢያምር።

ፍጥነቱ መውረድ ሲጀምር ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። በግማሽ ፍጥነት ያንኑ ቮልቴጅ ልያዝ ካልክ ፍላክሱ (የማግኔቱ ፍሰት) እጥፍ መሆን አለበት። ብረቱ ያንን አይችልም። ስለዚህ ወይ ከዝቅተኛ ፍላክስ ትነሳለህ፣ ወይ ቮልቴጁ ከፍጥነቱ ጋር እንዲወርድ ትፈቅዳለህ። የሳቹሬሽን ከርቩን (ብረቱ ፍላክስ የሚጠግብበትን) ካላስገባህ ሲሙሌሽኑ የማይቻለውን እንደሚቻል አድርጎ ያሳይሃል። ፓወሩ እኩል ከቀጠለም ቶርኩ እጥፍ ይሆናል፤ ሻፍቱ ላይ የሚመጣውን አስብ።

የከረንቱ ፒክ ያነሰው በሪአክታንሱ (ማሽኑ ለተለዋዋጭ ከረንት ባለው ተቃውሞ) ይመስለኛል። የመጀመሪያዎቹን ሳይክሎች የሚወስነው ሰብትራንዚየንት የሚባለው የሪአክታንስ ዋጋ ነው። የኛ መፈተሻ ማሽኖች ይህ ቁጥር ሆን ተብሎ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚሠሩት። አንተ የተራ ተርባይን ጄኔሬተር ዳታ አስገብተህ ከሆነ ፒኩ ዝቅ ቢል አይግረምህ። ኮይሉ የሚሞቅ ከሆነ ሬዚስታንሱንም አስተካክል። የመዳብ ሙቀት 100 ዲግሪ ሲጨምር ሬዚስታንሱ ወደ 40 በመቶ ይጨምራል፤ ሙቀቱም በዚያች አጭር ጊዜ መውጫ የለውም።

ኮምፑልሴተሩ በዚያ ብሎክ አይሆንም። ይህ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን የተፈለሰፈ ነው። ዘዴው የአርማቸሩን (ከረንት የሚወጣበትን ኮይል) ኢንዳክታንስ ለቅጽበት በጣም ዝቅ አድርጎ ከረንቱን ማስፈንጠር ነው። አክቲቭ በሚባለው ዓይነት ኢንዳክታንሱ ከሮተሩ አንግል ጋር ይለዋወጣል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ተለዋዋጭ ኢንዳክተር አስቀምጠህ ቮልቴጁን ኢንዳክታንስ ሲባዛ በከረንቱ ለውጥ ብቻ ካሰላኸው አንድ ተርም ጎደለህ። ከረንት ሲባዛ በፍጥነት፣ ሲባዛ ኢንዳክታንሱ ከአንግሉ ጋር በሚለወጥበት መጠን የሚለውን መደመር አለብህ። የሮተሩ ኢነርጂ ወደ ሰርኪቱ ከሚገባባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ተርም ነው። ከተዘለለ የኢነርጂ ሒሳቡ በፍጹም አይገጥምም። ቀላሉ መፍትሔ ፍላክስ ሊንኬጁን (በኮይሉ የሚያልፈውን ጠቅላላ ፍላክስ) ራሱን ስቴት ቫሪያብል፣ ማለትም ሶልቨሩ በቀጥታ የሚከታተለው መጠን፣ ማድረግ ነው። ከረንቱን ከሱ ታገኛለህ፤ ተርሙም ሳትጽፈው ይካተታል።

ኢንዳክታንሱ በየአንግሉ ስንት እንደሆነ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ በኤፍኢኤምኤም (FEMM)፣ የማግኔት መስክ በሚያሰላ ሶፍትዌር፣ ማውጣት ትችላለህ። ነጻ ነው። ባለ ሁለት ዳይሜንሽን ስለሆነ የኮይሉን ጫፍ ሊኬጅ ለብቻው ጨምርበት። ሮተሩን በትንሽ በትንሽ ዲግሪ እያዞርክ በስክሪፕት አስኬደው። ማሽንህ ፓሲቭ ኮምፑልሴተር ከሆነ ግን፣ ከብረታ ብረት ሽፋኑ በሚነሳው ኤዲ ከረንት ስለሚሠራ፣ ስታቲክ ስሌት አይበቃህም፤ የዚያኑ ሶፍትዌር ታይም ሃርሞኒክ (የተለዋዋጭ ከረንት) ስሌት ተጠቀም።

ይህን ሁሉ ጨርሰህ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይር ታይሪስተር ሬክቲፋየር ስታስገባ ነው ወደ ሶልቨሩ የምትመለሰው። ኦዲኢ23ቲቢ (ode23tb) የሚባለው ሶልቨር ከሌሎቹ ይሻልሃል። የጊዜ ስቴፑን ቋሚ ካደረግከው ከ20 ማይክሮ ሰከንድ አካባቢ ጀምር። የፍጥነቱን፣ የኤክሳይቴሽኑን (የሮተሩን ማግኔት የሚፈጥረውን ከረንት) እና የሚወጣውን ከረንት ግራፍ ባንድ ታይም አክሲስ ላይ አውጥተህ እዚሁ ለጥፈው፣ እናየዋለን።