ምጣድ አጠገብ የሠራሁት ጊታር

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ግቢያችን ውስጥ ሦስት በአራት የሆነች ሰርቪስ ክፍል አለች። ጊታር መሥሪያ ላደርጋት ነው። መጀመሪያ ምን ማሽን ልግዛ?» አለኝ። «ምንም አትግዛ» ብዬ ዘጋሁት። ጨዋ ልጅ ነው፣ የተቀየመኝ አይመስለኝም። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። «ሰርቪስ ክፍል» ያላት ነገር ናት የቀሰቀሰችብኝ።

እኔም የጀመርኩት ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ነው። 1992 ዓ.ም. ነበር። ቀን ቀን የቤት ዕቃ የሚሠራ እንጨት ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ማታ ማታና እሑድ ክራርም ጊታርም እጠግናለሁ። ክፍሏ ከማድ ቤቱ ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ ትጋራለች። ኮርኒስ የላትም። ግድግዳው ጣራው ሥር ሳይደርስ ስለሚቆም ቅቤ ሲነጠር ሽታው እኔ ጋ ነው። ባለቤቴ በሳምንት ሁለት ቀን እንጀራ ትጋግር ነበር። እኔ ደስታዬ ነው። ክረምት ላይ ሙቀቱ ይደርሰኛል፣ ትኩስ እንጀራም ከምጣዱ ሳይርቅ እጄ ይገባል።

ስለ አደረጃጀት ካነሣን ደግሞ፣ ያቺ ክፍል ጌጥ ነበረች። ባንኮውን በቁመቴ ልክ ሠራሁት። ቆሜ እጄን ወደ ታች ስዘረጋው መዳፌ ላዩ ላይ ያርፋል። መሮዎቹ በመጠናቸው ተሰድረዋል። የእያንዳንዱን መሣሪያ ቅርጽ ግድግዳው ላይ በከሰል ሥዬ ነበር፣ የጠፋው ወዲያው እንዲታይ። የእንጨት ቤቱ አለቃዬ አንድ ቀን መጥቶ አየና «አንተ አናጢ ነህ ወይስ ፋርማሲስት?» ብሎ ሳቀብኝ። ይህ ሰው መሮ ሳይሳል ያየ እንደሆነ ምሳ አይበላም ነበር። ነፍሱን ይማር፣ ስሳሳት እጄ ላይ የሰነዘረው ማስመሪያ አሁንም ይሰማኛል።

ያን ክረምት አንድ የድሬዳዋ መምህር ለሥልጠና አዲስ አበባ መጥቶ ጊታር አዘዘኝ። ገንዘቡን በሦስት ወር ከደሞዙ እየቆረጠ ነው የከፈለኝ። እኔም ለጊታር ብዬ ያስቀመጥኩትን እንጨት አወጣሁ። አንድ የተሰባበረ ፒያኖ ለማገዶ ሊፈለጥ ሲል ደርሼ የድምፅ ሰሌዳውን ወስጄ ነበር። ስፕሩስ የሚሉት የፈረንጅ እንጨት ነው። የፒያኖ ሰሌዳም የጊታር ፊትም ከሱ ይሠራል። መስመሮቹ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ቀጥ ብለው የተሰደሩ ናቸው። በጣት ሲመቱት ይጮኻል። ጀርባውንና ጎኑን ከዋንዛ አደረግሁት፣ ከአሮጌ ቁምሳጥን በር። ዋንዛ ያኔም ቢሆን እንደ ልብ አይገኝም ነበር። አሁንም ከአሮጌ ዕቃ ፈልጉ፣ ለዓመታት የደረቀ ነው።

ፊቱን በመላጊያ እየላግሁ ወደ ሦስት ሚሊ ሜትር አወረድኩት። ከውስጥ የሚደግፉትን ቀጫጭን ብትሮች ኮላ ቀብቼ በሞርሳ የጠረቅኋቸው ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው። ውጭ ዝናብ፣ ከግድግዳው ማዶ እንጀራ። መስከረም ላይ መምህሩ ተረከበ። አንድ የትዝታ ዜማ ተጫወተና ዝም ብሎ አየኝ። እንዲያ ያለ ምስጋና በቃል አይነገርም።

ጥር ላይ ተመልሶ መጣ። ጊታሩን በጋቢ ጠቅልሎ ነው የያዘው። ስፈታው ፊቱ ከብሪጁ፣ ክሮቹ ከሚታሰሩበት እንጨት፣ ሥር እስከ ታችኛው ጠርዝ ድረስ ተሰንጥቋል። የጥፍሬ ጫፍ ገባበት። ትንሽ መስታወትና የባትሪ አምፖል በቀዳዳው አስገብቼ ውስጡን አየሁ። ብትሩ ደኅና ነው። ኮላው ደኅና ነው። ፊቱ ብቻ እንደ በጋ መሬት ተተርትሯል። በዚያው ቅጽበት ከግድግዳው ማዶ አክንባሎ ተነሣ። እንፋሎቱ በጣራው ሥር ዞሮ ወደ እኔ መጣ። ገና ከጊታሩ ያወጣኋት መስታወት ጉም ለበሰች።

ያኔ ገባኝ። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ወደ ጎን ያብጣል፣ ሲደርቅ ወደ ጎን ይጠብባል። በርዝመቱ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለውም። ብትሮቹ ደግሞ ፊቱን አቋርጠው ነው የሚለጠፉት። እኔ ፊቱን በዝናብና በእንፋሎት አብጦ እያለ አሠርኩት። ድሬዳዋ ሄዶ ሲደርቅ መጥበብ ፈለገ፣ ብትሩ አልለቀው አለ። መሰንጠቅ ብቻ ነው የቀረው።

ገብቶኝ እያለ ምን አልኩት? «መምህር፣ ፀሐይ ላይ ትተውት ነው» አልኩት። መስታወቷን በሱሪዬ እየጠረግሁ። እሱ መሬት መሬት እያየ «ቤቴ ቆርቆሮ ነው፣ ይሆናል» አለ። ንትርክ የለ፣ ቁጣ የለ። መልሶ በጋቢው ጠቀለለው። ላጣብቅልዎት እንኳ አላልኩም። ላጣብቅ ካልኩ ጥፋቴን ያመንኩ መስሎኝ። ባለቤቴ እንጀራ ይዛ ስትወጣ እንግዳው ሄዷል። «ሳይበላ?» አለች። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

እንግዲህ ስለ ማሽን ስትጠይቁኝ የምቆጣው ለዚህ ነው። የዛሬ ልጆች ገና መሮ ሳትስሉ የቆመ መጋዝ ታያላችሁ። ዩቲዩብ ላይ ያለው ሰውዬ ሃያ ሞርሳ ደርድሮ ስታዩ ሃያ ሞርሳ ያስፈልገናል ትላላችሁ። ለነገሩ የእህቴ ልጅ ስለ እርጥበት ከዩቲዩብ የተማረው በአንድ ከሰዓት ነው፤ እኔን የሰው ጊታር አስከፍሎኛል። ስለዚህ የተቆጣሁትን ተዉት፣ ዩቲዩቡን እዩ። ስለ አቧራ ማስክና ስለ እሳት ማጥፊያ አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ።

«ምንም አትግዛ» ያልኩትም ልክ አይደለም። የአየር እርጥበት መለኪያ ይግዛ። ከ45 እስከ 50 በመቶ ሲያሳይ ፊትና ብትር ይጣበቃል። ሐምሌና ነሐሴ ከዚያ በላይ ሲሄድ አንገት ይቅረጽ፣ ቅርጽ ማውጫ ይሥራ፣ ፍሬት፣ ማለትም አንገቱ ላይ የሚቀበሩትን ቀጫጭን ብረቶች ቦታ፣ ይለካ። የክሩ ርዝመት 650 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለ17.817 አካፍሉት፣ የመጀመሪያው ፍሬት 36.48 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። የቀሩትን ስታሰምሩ ሁሉንም በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ ከሚያርፉበት አጥንት ለኩ። ከፍሬት ወደ ፍሬት እየለካችሁ ከሄዳችሁ ትንሿ ስሕተት ትጠራቀማለች። አንዴ በትክክል ከሠራችሁት ማስመሪያውን ጣውላ ላይ ቅረጹና ስቀሉት፣ ሁለተኛ አታስሉም።

ጣውላ መሬት ላይ አይቀመጥ። በየመካከሉ እኩል ቀጫጭን እንጨት እየጣላችሁ ደርድሩት፣ አየር ይዙረው። ክረምት ላይ የግድ ማጣበቅ ካለባችሁ በር ያለው ቁምሳጥን ውስጥ የድሮውን የሚሞቀውን አምፖል አብርታችሁ ፊቱን ቀናት አቆዩት። አምፖሉ እንጨቱን አይንካ። መብራት ከጠፋ ጠብቁ፣ ምን ይደረጋል።

ብርሃን ከላይ ብቻ አይሁን፣ ከጎን ይምጣ። የመላጊያ ጠባሳ የሚታየው በጎን ብርሃን ነው። ይህን ለመረዳት ብዙ ብርጭቆ ወረቀት ፈጅቻለሁ።

እኔ አሁን ያለሁበት ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ነገር ተሰቅሏል። ከዚያ ፒያኖ የተረፈ የእጅ ስፋት የምታህል ስፕሩስ ነበረችኝ። ከሷ አንድ ስስ ቁራጭ መስመሩን አቋርጬ፣ ሌላውን በመስመሩ ቆርጬ አጣበቅኋቸው። አንዱን ጫፍ በምስማር መታሁት። ክረምት ሲገባ ወደ አንድ በኩል ትጎብጣለች፣ በጋ ሲመጣ ወደ ሌላው። ኮላ ከመክፈቴ በፊት እሷን አያለሁ። የሚሸጠው መለኪያም ከጎኗ አለ፣ ግን መጀመሪያ ዓይኔ የሚሄደው ወደሷ ነው።

አንተ የደወልክልኝ ልጅ፣ ስልኩን ስለዘጋሁብህ ይቅርታ። ማሽኑን ከመግዛትህ በፊት ክፍሏ ግድግዳ የምትጋራው ከምን ጋር እንደሆነ ደውለህ ንገረኝ። እናትህ የሚጋግሩት ስንት ቀን ስንት ቀን እንደሆነም ጠይቅልኝ።