ጉባኤውን ላዘጋጅ ወይስ ሥራ ልፈልግ?

ውድ ጠያቂያችን፣

ዘንድሮ በሀዋሳ ከዩኒቨርሲቲ በጂኦግራፊ መመረቅዎን፣ ተማሪ ሳሉ በካርታ ሥራ ክበብ ውስጥ በበጎ ፈቃድ ማገልገልዎን፣ አሁን ደግሞ ክበቡ ከዲላ፣ ከወላይታ ሶዶና ከአርባ ምንጭ ተማሪዎችን ጠርቶ ስለ ክፍት ዳታና ክፍት ዕውቀት (ማንም በነጻ ሊጠቀምበትና ሊያጋራው ስለሚችል መረጃ) የሁለት ቀን ጉባኤ እንዲያዘጋጁለት መጠየቁን ጽፈውልናል። ክፍያ የለውም። ቤተሰብዎ «በነጻ ከመድከም ሥራ መፈለግ ይሻላል» እንደሚሉዎት ገልጸው የእኛን ሐሳብ ጠይቀዋል።

ኃላፊነቱን ቢቀበሉት መልካም ነው፤ ነገር ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ጉባኤው ሲበተን ማንም ከፍቶ ሊያየው የሚችል የተሠራ ነገር የሚተው ከሆነ ይቀበሉ፤ ንግግር ተደርጎ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ምስክር ወረቀት ታድሎ የሚያበቃ ከሆነ ግን ቤተሰብዎ ልክ ናቸው። ቀጣሪዎች «አስተባብሬአለሁ» የሚለውን ቃል በየማመልከቻው ስለሚያገኙት ብዙም አይመዝኑትም። እ.ኤ.አ. በ2004 በተጀመረውና ማንም ሰው በነጻ ሊያርመውና ሊጠቀምበት በሚችለው የዓለም ካርታ፣ በኦፕንስትሪትማፕ ላይ ግን እያንዳንዱ ለውጥ ከነቀኑና ከሠራው ሰው የተጠቃሚ ስም ጋር ስለሚመዘገብ፣ ያስተባበሩት ቡድን ምን እንደሠራና ሥራውም ምን ያህል ጥራት እንዳለው የሚፈልግ ሁሉ ራሱ ሊመረምር ይችላል።

ስለዚህ የጉባኤውን ርዕስ ያጥብቡት። ለምሳሌ የአንዲት ከተማን ጤና ጣቢያዎች፣ ትምህርት ቤቶችና የውኃ ቦኖዎች ብቻ መርጣችሁ፣ በመጀመሪያው ቀን ከሳተላይት ምስል ላይ መንገዶችንና ሕንፃዎችን መሳል፣ በሁለተኛው ቀን ደግሞ በአነስተኛ ቡድን ወጥታችሁ ስማቸውንና አገልግሎታቸውን ከነዋሪው ጠይቃችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ካርታው ለአንድ ቦታ በተለያዩ ቋንቋዎች ስም መመዝገብ ስለሚፈቅድ፣ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በሲዳምኛ፣ በጌዴኦኛ ወይም በወላይትኛ የሚጠራበትን ስም ማስገባት ከውጭ ሆኖ ለሚሥል ሰው የማይቻል፣ ለእናንተ ግን ቀላል የሆነ አስተዋጽኦ ነው። በእኔ አስተያየት ከማንኛውም የመክፈቻ ንግግር ይልቅ ይህ ይበልጣል። (የክብር እንግዶች በዝተው ፕሮግራሙ እስከ ምሳ ድረስ ሳይጀመር የሚቀርበትን ልማድ ደግሞ እርስዎም ያውቁታል።)

አዘጋጁ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ከጎግል ካርታ ላይ ስምም ሆነ መስመር ገልብጦ ወደ ኦፕንስትሪትማፕ ማስገባት ስለማይፈቀድ፣ ይህን ለተሳታፊዎች በመጀመሪያው ሰዓት ካልነገሯቸው የሁለት ቀን ሥራ ሊሰረዝ ይችላል። በአማርኛ ዊኪፔዲያ ላይ የመጻፍ ክፍለ ጊዜ ካሰባችሁም፣ ከአንድ የኢንተርኔት አድራሻ በአንድ ቀን ሊከፈቱ የሚችሉት አካውንቶች 6 ብቻ ስለሆኑ፣ በአንድ ዋይፋይ የሚጠቀም አዳራሽ ሙሉ ሰው ከሰባተኛው ጀምሮ ይቆማል። ስለዚህ ሁሉም ቤቱ ሆኖ አካውንት ከፍቶ እንዲመጣ ያድርጉ። መብራትና ኔትወርክ ሊጠፋ እንደሚችል አስበው ምስሎቹንና ካርታውን አስቀድመው በላፕቶፖችና በስልኮች ላይ ያውርዱ። የነዋሪዎችን ስምና ስልክ ቁጥር ካርታው ላይ ማውጣት ደግሞ ከቶ አይገባም፤ ክፍት ዳታ ማለት የግለሰቦችን መረጃ መበተን ማለት አይደለም፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ጉዳዩን በሕግ አስሮታል። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ዳታ ሲጠይቁ ግን አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለማንኛውም ሰው መረጃ የመጠየቅ መብት እንደሚሰጥ በደብዳቤዎ ላይ ይጥቀሱ። ደብዳቤው በዩኒቨርሲቲው ማህተም ቢወጣ ቶሎ መልስ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ብዙ አዘጋጅ የሚቸገረው በገንዘቡ ነው። ተሳታፊዎች አበል ይጠብቃሉ፤ ይህንንም በግብዣው ደብዳቤ ላይ በግልጽ ካልጻፉት ጭቅጭቁ በመዝጊያው ቀን በር ላይ ይጠብቅዎታል። «የመጓጓዣ፣ የአልጋና የምግብ ወጪ ይሸፈናል፤ የውሎ አበል አይኖርም» ብሎ መጻፍ አሳፋሪ አይደለም። የድጋፍ ገንዘብ ከተገኘ በግል ሒሳብዎ አይግባ፤ በዩኒቨርሲቲው ፋይናንስ ወይም በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 በተመዘገበ ድርጅት በኩል ይምጣ፣ ፕሮፎርማ ይሰብሰብ፣ እያንዳንዱ ወጪ በደረሰኝ ይወራረድ። በአንድ ለጋሽ ላይ ብቻ መንጠልጠልም አደገኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ መንግሥት የዕርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ሲዘጋ በእርሱ ድጋፍ ይንቀሳቀሱ የነበሩ ሥራዎች ምን እንደደረሰባቸው አይተናል። አዳራሽ ከዩኒቨርሲቲው፣ ሻይ ቡና ከአንድ የከተማው ነጋዴ ከተገኘ፣ የሚቀረው ወጪ እንደምታስቡት ብዙ አይደለም።

ሥራ ፍለጋውን በተመለከተ፣ በዕርዳታ ድርጅቶች ዘንድ የመረጃ አስተዳደርና የጂአይኤስ (የመልክዓ ምድር መረጃ ሥርዓት) ባለሙያ የሚባሉት የሥራ መደቦች ከዚህ ጉባኤ ጋር በቀጥታ ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረውን፣ ለአደጋ የተጋለጡ አካባቢዎችን በኦፕንስትሪትማፕ ላይ የሚሥለውን ሚሲንግ ማፕስ ከመሠረቱት መካከል የአሜሪካና የእንግሊዝ ቀይ መስቀል እንዲሁም ድንበር የለሽ ሐኪሞች ስለሚገኙ፣ ክፍት ካርታ በዚህ ዘርፍ እንግዳ ነገር አይደለም። በሲቪዎ ላይ «ዋና አስተባባሪ» ከሚለው ማዕረግ ይልቅ የተሠራው ሥራ የሚታይበትን አድራሻ፣ ስንት ሰው እንደተሳተፈና ስሕተቶችን በምን መንገድ እንዳረማችሁ ይጻፉ። በቃለ መጠይቅ ላይ የመጨረሻውን መጠየቅዎ አይቀርም፤ ስለዚህ ከጉባኤው በኋላ ባለው ሳምንት አንድ ሁለት ሰው ሆናችሁ የገባውን ዳታ መልሳችሁ ፈትሹ።

ቀኑን በተመለከተ በየዓመቱ በየካቲት መጨረሻ ገደማ የሚከበረው የክፍት ዳታ ቀን ይመቻችኋል፤ ከመጋቢት ጀምሮ ግን በደቡብ የበልግ ዝናብ ስለሚገባ መስክ መውጣት ሊያስቸግር ይችላል፤ የዩኒቨርሲቲዎቹንም የፈተና መርሐ ግብር ሳያዩ ቀን አይቁረጡ። ማመልከቻ መላክዎን ለአንድ ሳምንት እንኳ አያቋርጡ፤ ኃላፊነቱን ከመቀበልዎ በፊትም ለቃለ መጠይቅ ቢጠሩ ወይም ሥራ ቢያገኙ የሚተካዎት ሰው በክበቡ ቃለ ጉባኤ ላይ በስሙ እንዲጻፍ ያድርጉ።