ከርነሉ በ4 ሲፒዩ ለምን ድርቅ ይላል?

ጥያቄህ ባጭሩ ይህ ነው፦ በምትጽፈው ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ስፒንሎክ (ሌላው እስኪለቀው ሲፒዩው እየተሽከረከረ የሚጠብቀው ቁልፍ) ስትይዝ ኢንተራፕት (ሲፒዩውን ከስራው የሚያቋርጥ የሃርድዌር ጥሪ) ታጠፋለህ፣ ስትለቅ ታበራለህ። በ1 ሲፒዩ ደህና ይሰራል፣ በ4 ግን ትንሽ ቆይቶ ድርቅ ይላል።

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው "ስትለቅ ታበራለህ" የምትለዋን ነው። እስቲ እንከተላት። አንድ ኮድ የዲስኩን ሎክ ያዘ፤ ኢንተራፕት ጠፋ። ያንን ሳይለቅ የተኛ ፕሮሰስ ለመቀስቀስ የፕሮሰሱን ሎክ ያዘና ለቀቀ። ስለለቀቀ ኢንተራፕት በራ። የዲስኩ ሎክ ግን ገና በእጁ ነው! ልክ እዚህ ጋ ዲስኩ "ጨርሻለሁ" ብሎ ኢንተራፕት ላከ። ሀንድለሩ (ኢንተራፕቱን የሚያስተናግደው ኮድ) ያንኑ ሲፒዩ አቋርጦ ገባና የዲስኩን ሎክ ጠየቀ። ሎኩን የያዘው ኮድ ሀንድለሩ ካልወጣ አይቀጥልም። ሀንድለሩም ሎኩን ካላገኘ አይወጣም። አለቀ። ሌሎቹም ሲፒዩዎች ተራ በተራ እየመጡ እዚያው ይሽከረከራሉ።

ይህ በ1 ሲፒዩም ሊደርስ ይችላል፤ አጋጣሚው ጠባብ ስለሆነ ነው ያላየኸው። በ4 ሲፒዩ ግን የውስጠኛውን ሎክ ወረፋ ትጠብቃለህ። እስከዚያ የዲስኩ ኢንተራፕት መጥቶ በር ላይ ይቆማል፣ ልክ ስታበራ ዘው ይላል።

መፍትሄው ለእያንዳንዱ ሲፒዩ ቆጣሪ መስጠት ነው። ሎክ በያዝክ ቁጥር 1 ጨምር፣ በለቀቅክ ቁጥር 1 ቀንስ። ከ0 ስትነሳ ኢንተራፕቱ በርቶ እንደነበር መዝግብ። ወደ 0 ስትመለስ በርቶ ከነበረ ብቻ አብራ። የኤምአይቲው ኤክስቪ6 (ለማስተማሪያ የተሰራ ትንሽ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) የሚሰራው እንዲህ ነው። ሊኑክስ ላይ ደግሞ ጠሪው ራሱ የነበረውን ሁኔታ ይዞ ሲለቅ ይመልሳል።

ቆጣሪው ላይ አንድ ወጥመድ አለ፣ ብዙ ሰው የሚወድቅበት። የሲፒዩህን ቁጥር ያነበብከው ኢንተራፕት ከማጥፋትህ በፊት ከሆነ፣ መሀል ላይ ታይመር ገብቶ ወደ ሌላ ሲፒዩ ሊያዛውርህ ይችላል። ያኔ የምትጨምረው የሰው ቆጣሪ ነው። ይህኛው በ1 ሲፒዩ ጭራሽ አይታይም። "በርቶ ነበር" የሚለው መዝገብም የትሬዱ (ሲፒዩው ላይ እየሮጠ ያለው ስራ) እንጂ የሲፒዩው አይደለም፤ ኮንቴክስት ስዊች ላይ፣ ማለትም ሲፒዩው ከአንድ ትሬድ ወደ ሌላ ሲቀይር፣ አስቀምጠህ መልሰው።

ወደ ፍለጋው ስንመጣ፣ በፕሪንት አትድከም። ኮንሶሉም የራሱ ሎክ አለው፣ ጊዜውንም ያዛባብሃል፤ ችግሩ ሲጠፋ ደስ ይልሃል፣ ፕሪንቱን ስታወጣ ይመለሳል። ይልቅ ሎኩ ውስጥ የያዘውን ሲፒዩ ቁጥር ጻፍ። ሎክ የሚጠይቅ ሁሉ ከመሽከርከሩ በፊት "የያዝኩት እኔው ነኝ እንዴ?" ብሎ ይፈትሽ፤ ከሆነ ፓኒክ ያድርግ (ስህተቱን ተናግሮ ከርነሉን ያቁም)። ዝም ብሎ ከሚደርቅ ቢጮህ ይሻልሃል። እኔ አዲስ ከርነል ላይ ከሁሉ በፊት የማስገባው ይህችን ነው።

በኪውኢሙ (ኮምፒውተርን በሶፍትዌር የሚያስመስል ፕሮግራም) የምታስኬደው ከሆነ ጂዲቢ (ስህተት መፈለጊያ ፕሮግራም) አያይዝና የሁሉንም ሲፒዩ ባክትሬስ (ማን ማንን እንደጠራ የሚያሳይ ዝርዝር) አውጣ፤ እያንዳንዱ ሲፒዩ እንደ ትሬድ ሆኖ ይታይሃል። በአንዱ ላይ ከላይ ሎክ ጥያቄ፣ ከስሩ የኢንተራፕት ሀንድለር፣ ከዚያ ስር ሎኩን የያዘው ኮድ ተደርድረው ካየህ አገኘኸው። ሁለት ሲፒዩዎች አንዱ የሌላውን ሎክ ሲጠብቁ ካገኘህ ግን ጉዳዩ የኢንተራፕት ሳይሆን የሎክ ቅደም ተከተል ነው። ያኔ ባክትሬሱን ለጥፈውና አብረን እንየው።