ካውያ የማይፈልግ ልብስ፦ ወደ ጎጃም ለምትመጪው

እታለም፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በጥር ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ትነሺያለሽ። ደብረ ማርቆስ ሠርግ አለብሽ፤ ከዚያ እንጅባራ ለአገው ፈረሰኞች በዓል፤ ከዚያ ባሕር ዳርና የጣና ዳሩ ዘጌ ገዳማት። የምትይዢው አንድ ትንሽ ሻንጣ ነው። «ቀላል፣ የማይጨማደድ፣ ካውያ የማያስፈልገው ልብስ ምን ልያዝ?» ነው ያልሽው። እኔ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ሥራዬ ከወረዳ ወረዳ ያዞረኛል፤ ብዙ ጊዜ ከመኪና እንደወረድኩ በቀጥታ ስብሰባ ነው የምገባው። ስለዚህ የማወራው በየጊዜው ስለምኖረው ነገር ነው።

ብዙ ሰው «ፖሊስተር ግዢና ተገላገይ» ይልሻል። እኔ በዚህ አልስማማም። መንገድሽን አስቢው። ጠዋት በብርድ ትነሺያለሽ። ጎሐ ጽዮን ካለፍሽ በኋላ ዓባይ በረሃ ትወርጃለሽ፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ድልድዩ ጋ ስትደርሺ አየሩ እንደ ምጣድ ይግላል። ደጀን ስትወጪ ደግሞ እንደገና ይቀዘቅዛል። ይህ ሁሉ በአንድ ጉዞ፣ በአንድ ልብስ ነው። ሙሉ ፖሊስተር ሸሚዝ በረሃው ላይ ጀርባሽ ላይ ይለጠፋል፤ ደጀን ላይ ያው ላብ ይበርድሻል።

ምክንያቱን ካወቅሽው መምረጥ አይከብድሽም። ጥጥ የሚጨማደደው እርጥበት ስለሚጠጣ ነው። 100 ግራም ጥጥ በተለመደ አየር ውስጥ ወደ 8 ግራም ውሃ ይይዛል፤ ፖሊስተር ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። ወንበር ላይ ሰዓታት ተቀምጠሽ ስታልቢ የጥጡ ክር ይለሰልሳል። ከዚያ በታጠፈበት ይደርቅና እዚያው ይቀራል። ካውያም ልብሱን የሚያቃናው በዚሁ መንገድ ነው፤ በእርጥበትና በሙቀት። ፖሊስተር ውሃ ስለማይጠጣ አይጨማደድም፤ በዚያው ልክ ግን ላብሽንም አይጠጣልሽም፣ ሽታም ቶሎ ይይዛል።

ስለዚህ የምመክርሽ ቅይጡን ነው። ከግማሽ በላይ ጥጥ፣ የቀረው ፖሊስተር የሆነ ሸሚዝ ለዚህ መንገድ ልክ ነው። ሱሪ ከሆነ ትንሽ የሚለጠጥ ክር ያለበት ይሁን፤ ጉልበት ኋላ የሚፈጠረውን እጥፋት የሚቀንሰው ያ ነው። እንደ ቲሸርትና ሹራብ ክሩ ቀለበት በቀለበት እየተያያዘ የተሠራ ጨርቅ ደግሞ ሙሉ ጥጥ ቢሆንም ብዙ አይጨማደድም፤ ክሩ ቦታ ስላለው ተጣጥፎ ይመለሳል። ሊነንን (ከተልባ ክር የሚሠራውን ጨርቅ) እርሺው። ቪስኮስ የሚባለው ከእንጨት የሚሠራ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ሲነኩት ልስልስ ነው፣ ሲለበስም ያምራል፤ ግን ሻንጣ ውስጥ ከገባ ተጨማድዶ ነው የሚወጣው።

«ካውያ አያስፈልገውም» የሚል ጽሑፍ ብቻ አይተሽ አትግዢ። ብዙዎቹ እንዲህ የሚባሉ የጥጥ ሸሚዞች በኬሚካል የታከሙ ናቸው፤ ሕክምናው የክሩን ጥንካሬ ይቀንሰዋል። ከገዛሽም ሳትለብሺው በፊት እጠቢው።

መፈተኛው እጅሽ ነው። ጨርቅ ገዝተሽ ልታሰፊ ከሆነ ባለሱቁ ጣቃውን ሲዘረጋልሽ ጠርዙን በመዳፍሽ ጨብጪው። ጠበቅ አድርገሽ፣ መዳፍሽ እስኪሞቅ ድረስ ያዢው። ከዚያ ልቀቂውና ዝም ብለሽ እዪው። ጥሩው ጨርቅ በራሱ ቀስ እያለ ይከፈታል፤ የቀረው መስመርም በጣትሽ ስትዳብሺው ይጠፋል። መጥፎው የጣቶችሽን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ቀጥሎ ወደ ብርሃን አንሺው። ብርሃን በክሮቹ መሃል ትንሽ ካለፈ አየር ያስገባል ማለት ነው። ቦንዳ ከሆነ የምትገዢው በውስጥ በኩል በጎን ስፌቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ምልክት ፈልጊ፤ የክሩ ዓይነት በመቶኛ ተጽፎባታል።

ቦንዳ ካነሳሁ አይቀር ስስ የሱፍ ሹራብ ካገኘሽ አትለፊው። የበግ ፀጉር ክሩ ጥቅልል ስለሆነ ሲታጠፍ ይመለሳል፤ ማታ ሰቅለሽው ብታድሪ ጠዋት ቀጥ ብሎ ታገኚዋለሽ። ላብ ይጠጣል፣ ቶሎም አይሸትም። እንጅባራ ጥር 23 ጠዋት ላይ ብርዱ ቀላል አይደለም፤ ሜዳ ላይ ቆመሽ ነው ፈረሰኞቹን የምታዪው። ስስ ሹራብ ከላይ ንፋስ የሚከላከል ጃኬት ሲጨመርበት ከአንድ ወፍራም ካፖርት ይሻላል፤ ፀሐይ ስትወጣ አንዱን ታወልቂያለሽ። ጋቢ ከፈለግሽ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ትከሻሽ ላይ ይሁን። እኛ አገር ጋቢ ለብሶ መጓዝ የተለመደ ነው፤ ማንም ዞሮ አያይሽም።

የአበሻ ቀሚስሽ ራስ ምታት እንዳይሆንብሽ። በእጅ የተሸመነ ጥጥ ስለሆነ መጨማደዱ አይቀርም። ጥለቱን ወደ ውስጥ አድርጊና ከነጠላው ጋር አብረሽ ጠቅልዪው፤ አጣጥፈሽ ግን አትጫኚው። ከሁሉ በላይ አስቀምጪው። እንደደረስሽ አውጥተሽ ስቀዪው። የሠርግ ቤት ካውያ አይጠፋም፤ ለእሱ ብቻ ትለምኛለሽ። በሺፎን የሚሰፋው አይጨማደድም፤ ግን እሳት አጠገብ ተጠንቀቂ። ከከሰሉ አንዲት ፍንጣሪ ብታርፍበት ቀልጦ ይበሳል። ሠርግ ቤት ደግሞ ቡና ሳይፈላ አይዋልም።

ለዘጌ ከጉልበት በታች የሚወርድ ቀሚስና ነጠላ ይበቃሻል። ገዳማቱ ጋ ጫማ ስለሚወልቅ ማሰሪያ የሌለው ጫማ አድርጊ። ጠጉራም ልብስ ለገጠር መንገድ አይሆንም፤ ጭጎጎቱን ስትለቅሚ ትውያለሽ።

ቀለምም ይረዳል። ጥቃቅን አበባ ወይም መስመር ያለው ጨርቅ እጥፋቱን ይደብቃል። ሙሉ ጥቁር የጎጃምን አቧራ ሁሉ ያሳያል፤ ቡናማና አመዳማ ይሻላል።

ማታ ስታጥቢ በቀዝቃዛ ውሃ ይሁን፤ ፖሊስተር ያለበት ልብስ በሙቅ ውሃ ከታጠፈ እጥፋቱ ይጸናበታል። ጠምዝዘሽ አትጭመቂው። ውሃው እየተንጠባጠበ አራግፈሽ ስቀዪው፣ ኮሌታውንና የቁልፉን መስመር በእጅሽ ሳብ ሳብ አድርጊው። ባሕር ዳር ቀኑ ስለሚሞቅ ቶሎ ሊደርቅልሽ ይችላል። ደብረ ማርቆስ ግን ሌሊቱ ይበርዳል፣ ላይደርቅ ይችላል፤ እዚያ የምትለብሺውን ከቤትሽ ታጥቦ ይምጣ።

ልብሱን ልትገዢ ስትወጪ ምልክቱን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።