የተሻላት ልጄ መርፌ ሊቀየር ነው፤ እሺ ልበል?

ጥያቄ፦ የ8 ዓመት ልጄ አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ብግነት) አለባት። በየሁለት ሳምንቱ አዳሊሙማብ ትወጋለች። ከጀመረች ወዲህ ትሮጣለች፣ ጠዋት ስትነሳም ጉልበቷ አይገተርም። አሁን ሐኪሟ ከዋናው መድኃኒት ወደ ባዮሲሚላር እንቀይራት አለን። ምክንያቱ ዋጋ መሆኑን አልደበቀንም። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። የተሻላትን ልጅ ለምን ይነካካሉ? ርካሹን ሰጥተዋት ቢያገረሽባትስ? ከዚህ በፊት ዓይኗንም አሟት ያውቃል።

መልስ፦ እህቴ፣ መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። በሽታዋ ጋብ ካለና ሐኪሟም ካመነበት እሺ በይ። ግን ከዚያ በፊት የምትጠይቂያቸው ነገሮች አሉ፤ እነሱን ሳትጠይቂ ከሐኪሙ ክፍል አትውጪ።

መጀመሪያ ስለ «ርካሹ»። ልጅሽ የምትወጋው አዳሊሙማብ ባዮሎጂክ ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ እንደ ተራ ክኒን በኬሚካል አይቀመምም፤ በሕያው ሴል ውስጥ ነው የሚመረተው። ስለዚህ ዋናው ራሱ ከአንዱ ምርት ወደ ሌላው ጥቂት ይለያያል። ባዮሲሚላር ደግሞ የዋናው የባለቤትነት መብት ሲያበቃ ሌላ ኩባንያ የሚሠራው ነው። ፈቃድ የሚያገኘው በአወቃቀሩም፣ በኃይሉም፣ ሰውነት ውስጥ በሚሠራው ሥራም ከዋናው ጎን ተለክቶ፣ በሕክምናው ላይ ለውጥ የሚያመጣ ልዩነት እንደሌለው ከታየ ብቻ ነው። ዋጋው የሚወርደው ትልልቁ ጥናት ሁሉ ከዜሮ ስለማይደገምና ፉክክር ስለሚመጣ ነው። አውሮፓ የመጀመሪያውን ባዮሲሚላር የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ የአዳሊሙማቦቹ እዚያ ገበያ የገቡት በ2018፣ አሜሪካ ደግሞ በ2023።

«ቢያገረሽባትስ?» ላልሽው አንድ ጥናት ልንገርሽ። ኖርዌይ ውስጥ ኖር-ስዊች የተባለ፣ በ2017 የታተመ ጥናት አለ። ኢንፍሊክሲማብ የተባለ የአዳሊሙማብ ዘመድ መድኃኒት የሚወስዱ 482 አዋቂዎችን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ወደ ባዮሲሚላር ቀየሩ፤ ማን ምን እንደሚወስድ ታማሚውም ሐኪሙም አያውቅም ነበር። በዓመቱ በሽታው የባሰባቸው ከተቀየሩት 30 በመቶ፣ ዋናውን ከቀጠሉት ደግሞ 26 በመቶ ሆኑ። ልዩነቱ አጥኚዎቹ «ከዚህ ካለፈ ያሳስባል» ብለው አስቀድመው ካሰመሩት ወሰን አላለፈም። ለእኔ ትልቁ ቁጥር 26ቱ ነው፤ ምንም ሳይነካባቸው ከአራቱ አንዱ ብሶበታል ማለት ነው። እንዲህ ያለ በሽታ በራሱ ይነሳል፣ ይተኛል። ልጆች ላይ የተሠሩት ጥናቶች አነስ ያሉ ናቸው፤ አብዛኞቹም የተቀየሩ ልጆችን የተከታተሉ እንጂ እንዲህ በዕጣ የከፈሉ አይደሉም። ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም።

ለዚህ ነው ከመቀየሯ በፊት ያለችበት ሁኔታ በጽሑፍ ይቀመጥ የምልሽ። ስንት አንጓ አብጧል? ጠዋት ለስንት ደቂቃ ትገተራለች? የደም ምርመራዋስ? ይህ ከተያዘ፣ ከሁለት ወር በኋላ «ጉልበቴን አመመኝ» ስትል የምታነጻጽሩበት አላችሁ። ካልተያዘ ግን ጥፋቱ ሁሉ በአዲሱ መርፌ ይላከካል፤ ወይም ደግሞ እውነተኛ ሕመሟ «የእናቷ ጭንቀት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሁለቱም ልጅቷን ይጎዳል።

አሁን ስለ መርፌው ራሱ። ብዙ ቤተሰብ የሚደናገጠው እዚህ ጋ ነው። አንዳንዱ የአዳሊሙማብ መርፌ ሲትሬት የሚባል ጨው አለበት፤ ሲገባ ያቃጥላል። ሲትሬት የሌለበትም አለ። ልጅሽ እስካሁን የማያቃጥለውን ስትወጋ ቆይታ በድንገት የሚያቃጥለው ቢሰጣት በመጀመሪያው ቀን ትጮኻለች፣ አንቺም «ይኸው፣ አልኩ አይደል!» ትያለሽ። መድኃኒቱ ግን ሥራውን ይሠራል፤ የሚያቃጥላት ጨው ነው። ስለዚህ ሲትሬት የሌለበትን ጠይቂ። መጠኑንም እዪ፦ ከ10 እስከ 30 ኪሎ ላለ ልጅ የተለመደው 20 ሚሊ ግራም ነው፣ 30 ኪሎ ከሞላ 40። የትንንሾቹን መጠን የማያመጣ ኩባንያም አለ። አወጋጉ ከተለየም፣ የሚጫን ብዕር ከሆነ ወይም ሲሪንጅ፣ ነርሷ አንዴ ታሳይሽ።

ዓይኗን አሟት ያውቃል ያልሽው በጣም ወሳኝ ነው። አዳሊሙማብ ከአርትራይተሱ ጋር የሚመጣውን የዓይን ብግነት ጭምር ያክማል። ኢታነርሴፕት የሚባለው ሌላው የአርትራይተስ መርፌ ለአንጓ ጥሩ ነው፣ ለዓይኑ ግን አይሆንም። ስለዚህ የሚሰጧት የአዳሊሙማብ ባዮሲሚላር መሆኑን በስሙ አረጋግጪ። ወደ ኢታነርሴፕት ከሆነ ያ ሌላ መድኃኒት ነው፣ ሌላ ውይይት ይፈልጋል። የዓይን ቀጠሮዋንም እንዳታዘልዪ፤ ይህ ብግነት ሳይቀላና ሳያምም ውስጥ ውስጡን ዓይን ይጎዳል፣ የሚታየው በዓይን ሐኪም መሣሪያ ብቻ ነው።

የቀረው ቀላል ነው። አዲሱ የሚጀመረው የቀድሞው ቀጣይ መርፌ በሚደርስበት ቀን ነው፣ በመሃል ማረፍ የለም። የመድኃኒቱን ስምና ማሸጊያው ላይ ያለውን የባች (የምርት) ቁጥር በየጊዜው ጻፊ። ሳይነግሩሽ በየወሩ ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው እንዳይቀያይሩባትም ከወዲሁ ተነጋገሪ።

ጥያቄ፦ ወንድ ልጄ 14 ዓመቱ ነው፣ ኢታነርሴፕት ይወጋል። ወደ ባዮሲሚላር ሊቀይሩት ነው። እንዳይፈራ ሳንነግረው ብንቀይረውስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዳታደርገው። ሐሳብህ ይገባኛል። «ይጎዳኛል» ብሎ የጠበቀ ሰው እውነት ያመዋል፣ ኖሴቦ የሚሉት ይህን ነው። ሰዎች መቀየራቸውን ሲያውቁ፣ ሳያውቁ ከተቀየሩት ይልቅ መድኃኒቱን የሚያቋርጡት በዝተው ታይተዋል። የ14 ዓመት ልጅ ግን ማሸጊያውን ያነባል። ራሱ ከደረሰበት መድኃኒቱንም አንተንም ማመን ያቆማል። ይልቅ ሐኪሙ ለእሱ ለራሱ ይንገረው፦ ሥራው አንድ ነው፣ የሠራው ኩባንያ ተለየ፣ ካልተስማማህ ንገረን እንሰማሃለን። ደግሞ በፍርሃት ተሞልተህ «አመመህ እንዴ?» እያልክ በየቀኑ አትጠይቀው። በሳምንት አንዴ፣ እንደ በፊቱ፣ «ጠዋት እንዴት ነህ?» ይበቃል። ካበጠ፣ ካነከሰ ወይም ካተኮሰው ግን ቀጠሮ ሳትጠብቅ ውሰደው።